በወረዳ መሥሪያ ቤት የትብብር ሥልጠና የወሰደ ተማሪ እዚያው ሊቀጠር ይችላል?

ጥያቄ፤ የመሐል ሜዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ሥልጠናዬን አጠናቅቄ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፍኩ ስሆን፣ የትብብር ሥልጠናዬን የወሰድኩት በሰሜን ሸዋ ዞን በሚገኝ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ነው። በሥልጠናው ጊዜ የወጪ ሰነዶችን መለየት፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ሰነዶች) መመዝገብ፣ በወር መጨረሻም ሂሳቡ አይቤክስ (የመንግሥት በጀትና ሂሳብ የሚያዝበት የኮምፒውተር ሲስተም) ላይ ሲገባ ከባለሙያዋ አጠገብ ተቀምጬ ሰነድ ማንበብና ማመሳከር ሥራዬ ነበር። ሥልጠናው ሲያበቃ የክፍሉ ኃላፊ በሥራዬ መደሰታቸውን ገልጸውልኝ፣ «በጀት እስኪለቀቅ ድረስ እየመጣሽ ሥሪ፤ መደብ ሲከፈት ካንቺ የሚቀድም የለም» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን አምኜ፣ ያለ ምንም ክፍያ ከቋሚ ሠራተኞች እኩል እየገባሁና እየወጣሁ ማገልገሌን ቀጥያለሁ። የቤት ኪራዬንና ቀለቤን የሚችሉልኝ ገጠር ያሉት ወላጆቼ ናቸው።

ማወቅ የምፈልገው፣ ኃላፊው የገቡልኝን ቃል ሕጉ ይፈቅድላቸው እንደሆነ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራዋን አይቶ የወደዳትን ሠልጣኝ ያለ ማስታወቂያ መቅጠር ይችላል ወይ? እስከዚያው በነጻ የምሠራበት ጊዜስ በሥራ ልምድነት ይያዝልኛል? ከዚሁ ጋር፣ ታናሽ ወንድሜ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስለሆነና በመጪው ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ስለሚወጣ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሻለዋል ወይስ ፋብሪካ የሚለውን የሚያውቅ ቢመክረን እናመሰግናለን።

መልስ፤ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ የምገኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የምጽፈው ግን በግሌ እንጂ መሥሪያ ቤቴን ወክዬ አይደለም።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ «አይችልም» የሚል ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚቀጠረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና እርሱን ተከትለው በወጡ መመሪያዎች ሲሆን፣ የእነዚህ ሁሉ መነሻ ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ወጥቶ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ ተመዝግቦና ተወዳድሮ፣ ብልጫ ያገኘው ይቀጠራል የሚል ነው። የትብብር ሥልጠናም ሆነ ኢንተርንሺፕ የትምህርቱ አካል ስለሆነ፣ ሠልጣኙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ሥልጠናውን በማጠናቀቁ ብቻ በመደቡ ላይ መብት አያገኝም። የክፍል ኃላፊው ቀርቶ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊም ቢሆኑ መደቡን አስቀድመው ለአንድ ሰው ቃል የመግባት ሥልጣን የላቸውም። ሰውዬው ክፉ አስበው ተናገሩ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቃል የሚሰጠው ከልብ ነው፤ ጉዳቱም የሚበረታው ከልብ በመሆኑ ነው፤ ሰሚው አምኖ ይቀመጣልና።

አንድ መደብ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ረጅም መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ በመዋቅሩ ላይ መኖር አለበት፤ ቀጥሎ ደመወዙ በበጀት መያዝ አለበት፤ ከዚያም በዝውውር ወይም በደረጃ ዕድገት ከውስጥ ይሞላ እንደሆነ ይታያል፤ ማስታወቂያ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠር ስለሆነ፣ «በጀት ሲለቀቅ» የሚለው አነጋገር ዓመቱን ሙሉ ሊያገለግል ይችላል፤ በሐምሌ «ገና አልጸደቀም» ይባላል፣ በሰኔ ደግሞ «ሂሳብ ተዘግቷል» ይባላል።

ጊዜያዊ ቅጥር የሚባል መንገድ መኖሩ እውነት ነው። ሥራው ዘላቂ ባልሆነበት ወይም ሁኔታው በሚያስገድድበት ጊዜ ሕጉ ይፈቅደዋል፤ ነገር ግን ጊዜያዊ ቅጥር የሚባለው በጽሑፍ የተደረገ ውል፣ የታወቀ ጊዜና የሚከፈል ደመወዝ ሲኖረው ነው። የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ አንዱንም ስለማያሟላ ቅጥር ሊባል አይችልም።

የሥራ ልምድን በተመለከተም ያለ ደመወዝ የተሠራ ጊዜ ለመንግሥት መደብ ውድድር አይያዝም። ልምድ የምንቆጥረው ከቅጥር ደብዳቤው ቀን ተነሥተን ነው፤ ከግል ድርጅት የመጣ ማስረጃ እንኳ የሥራ ግብር መከፈሉ ሳይረጋገጥ አንቀበለውም። እርስዎ የሚወዳደሩበት መደብ ዜሮ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ በመሆኑ ግን በዚህ ብዙ አይጎዱም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እርስዎ በአሁኑ ጊዜ ተማሪም አይደሉም፣ ሠራተኛም አይደሉም። የንብረት ገቢና ወጪ ሰነድ በእጅዎ እያለፈ ነው፤ አንድ ቅጠል ቢጠፋ ወይም ኦዲተር መጥቶ ጉድለት ቢያገኝ፣ ሰነዱን የነካው ማን ነው ሲባል ስምዎ ይጠራል፣ ሲጠራ ግን ለሥራው የሰየመዎት ደብዳቤ የለም። በሌላ ሰው የይለፍ ቃል አይቤክስ ውስጥ ገብተው መዝግበው ከሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ይህ ለእርስዎም ለባለሙያዋም አደጋ ነው። ምክሬ፣ ኃላፊውን አመስግነው መሄድ ያቁሙ፤ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ግን በየትኛውም ወረዳ ቢሆን ይመዝገቡ።

መልስ፤ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው ሕጉን በተመለከተ ትክክል ነው፤ የምጨምረው ግን ሕጉ ራሱ ስለሚያባክነው ነገር ነው።

በእኛ ሀገር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሰባ በመቶው በሥራ ቦታ፣ ሠላሳ በመቶው በተቋም እንዲሰጥ የታቀደ ነው። ሐሳቡም ለእኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሄርማን ሽናይደር የተባሉ የምህንድስና መምህር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ተማሪዎቻቸውን በክፍልና በፋብሪካ እያፈራረቁ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ በብዙ ሀገሮች ተስፋፍቷል። የዚህ አሠራር ጥቅም ለተማሪው ብቻ አይደለም። ቀጣሪውም የሚቀጥረውን ሰው ሳይቀጥር በፊት በሥራ ላይ ያየዋል፤ ሰዓት ያከብራል ወይ፣ ሲሳሳት ይደብቃል ወይስ ይናገራል፣ ባለጉዳይ ሲቆጣው ምን ያደርጋል የሚለውን አንድ ሰዓት በማይሞላ የጽሑፍ ፈተና ማወቅ አይቻልም።

በወረዳዎቻችን የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠልጣኙን ለወራት ያየዋል፤ ያየው ሁሉ ግን የትም አይጻፍም። የሠልጣኙ መዝገብ ሲመጣልኝ በየሳምንቱ «ሰነድ በማደራጀት ሥራ ላይ ተሳትፏል» የሚል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተደጋግሞ አገኛለሁ፤ የግምገማ ቅጹም ላይ ለጎበዙም ለሰነፉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ተሞልቶ ማኅተም ያርፍበታል። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የሚመጣን ልጅ የቅጥር ኮሚቴው ከምንም ባይቆጥረው አልፈርድበትም።

በእኔ አስተያየት ያለ ውድድር መቅጠር ሳያስፈልግ ይህን ማስተካከል ይቻላል። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲያገኙ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ መስጠትን የሚያውቅ ሕግ ነበር። በዚሁ መንፈስ፣ ነጥብ ሲቀራረብ በመሥሪያ ቤቱ ሠልጥኖ በእውነት የተመዘነ ልጅ ሚዛኑን እንዲደፋ ቢደረግ ማስታወቂያውም ይወጣል፣ ውድድሩም ይደረጋል፣ የተሠራውም ሥራ ከንቱ አይቀርም።

ስለ ወንድምሽ ደግሞ እኔ ፋብሪካ ብዬ እመክራለሁ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት ከተማዋ የብርድ ልብስ፣ የቢራ፣ የውሃና የሌሎችም ፋብሪካዎች መኖሪያ ስለሆነች፣ ለሜካኒካል ተማሪ የሚነካካው ማሽን አይጠፋም። ከቅጥር አንጻርም ልዩነት አለ። የግል ድርጅት የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመሆኑና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ሥርዓት ስለማይመለከተው፣ የወደደውን ኢንተርን በተመረቀ ማግሥት ሊቀጥረው ይችላል፤ ካልተማመነበትም ከስድሳ የሥራ ቀናት ባልበለጠ የሙከራ ጊዜ ይፈትነዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመረጠ ግን የከተማ ውሃ አገልግሎትን የመሰለ ፓምፕና ጀኔሬተር የሚጠገንበት ቦታ ይፈልግ፤ ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ቢሮ ለእርሱ ሙያ አይሆንም። እንደ ሌላው የዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ስላለበት፣ ኢንተርንሺፑን ከንባብ ጋር እንዲያስማማው አሳስቢው።

መልስ፤ የተማሪ አባት፣ ግሼ ራቤል

አስተባባሪው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በመጨረሻው ሐሳባቸው ግን አልስማማም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው በመሥሪያ ቤቱ ለሠለጠነ ልጅ ከሆነ፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚሠለጥነውን ልጅ የሚመርጠው ማን ነው? የእኔ ልጅ የትብብር ሥልጠና ሲወጣ ኮሌጁ ደብዳቤ ሰጥቶ «ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ» ነው ያለው። ደብዳቤውን ይዞ በየቢሮው ሲዞር «ሞልቷል» ተባለ፤ አጎቱ እዚያው ከተማ የሚሠራለት የክፍል ጓደኛው ግን ደብዳቤው ሳይጻፍ በፊት ቦታው ተይዞለት ነበር። ልጄ ሥልጠናውን የጨረሰው ከዘመድ ጋር በምትሠራ አንዲት ትንሽ ሱቅ መዝገብ እየያዘ ነው። አሁን በሥልጠና ምክንያት የቅጥር ቅድሚያ ይሰጥ ከተባለ፣ ያ ልጅ አንድ ጊዜ በዘመድ ባገኘው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ይጠቀማል፤ የእኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ፣ ከተማ ውስጥ ማንንም ለማያውቅ ልጅ ያለው መጠጊያ ያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። በእርግጥ ፈተናውም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው አልልም፤ ሆኖም ቢያንስ ቁጥር ይወጣል፣ ቅር ያለው ቅሬታ ያቀርባል። «ሥራውን አይተን ወደድነው» ለሚል ቅጥር ግን በምን ላይ ቅሬታ ይቀርባል?

ለልጅቷም የምለው አለኝ። ወላጆችሽ ገጠር ሆነው የሚልኩልሽ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። መሥሪያ ቤቱ ሊከፍለው የሚገባውን ጉልበት አሁን እየከፈሉለት ያሉት እነርሱ ናቸው። ይህን ለኃላፊው በአክብሮት ብትነግሪያቸው ነውር የለበትም።

መልስ፤ የምንጃር ተወላጅ፣ ኦታዋ

የግሼ ራቤሉ አባት ያነሡት ነጥብ እኔ በምኖርበት ሀገርም የተነሣ ስለሆነ፣ መልስ የተፈለገለት እንዴት እንደሆነ ብጽፍ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በካናዳ የፌዴራል መንግሥት ውስጥ በትብብር ትምህርት ወይም በፌዴራል የተማሪዎች የሥራ ልምድ ፕሮግራም የሠራ ተማሪ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ማስታወቂያ ሳይወጣ ወደ መደበኛ ሥራ ሊሻገር የሚችልበት መንገድ አለ። ሆኖም ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ። ተማሪው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በነጻ እየሠራ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ መሻገሩ ግዴታ አይደለም፤ መደብና በጀት ከሌለ የቱንም ያህል ቢወደድ አመስግነው ይሸኙታል፤ ቢኖርም እንኳ ለሥራው የግድ የተባሉትን መስፈርቶች ማሟላቱ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛውና ለአባታችን ጥያቄ መልስ የሚሆነው፣ በተማሪዎች ፕሮግራሙ መግቢያ ላይ የሚደረገው ነገር ነው። ተማሪዎች ሁሉ በአንድ የጋራ መዝገብ ይመዘገባሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ተማሪ ሲፈልግ መስፈርቱን ይልካል፤ ከሚያሟሉት መካከል የሚላኩለት ስሞች በዕጣ መልክ ይወጣሉ።

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያለው አሠራር ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል። በ2024 በተሻሻለው ደንብ መሠረት አንድ ኢንተርን 480 ሰዓት ከሠራ፣ ትምህርቱን ባጠናቀቀ በ180 ቀናት ውስጥ ያለ አዲስ ውድድር ወደ ቋሚ ሥራ ሊዛወር ይችላል፤ ቀድሞ የሚጠየቀው 640 ሰዓት፣ የሚፈቀደውም ጊዜ 120 ቀን ነበር። ነገር ግን የኢንተርንነቱ ቦታ ራሱ አስቀድሞ ለሕዝብ መገለጽ አለበት።

እንግዲህ እነዚህ ሀገሮች ውድድሩን አላስቀሩትም፤ ከቅጥሩ በር አንሥተው ወደ ሥልጠናው በር ወሰዱት እንጂ። የእኛ ችግር በሥልጠናው በር ላይ ምንም ዓይነት ውድድርም ዕጣም አለመኖሩ ነው። ይህ ሳይስተካከል ቅድሚያ ይሰጥ ማለት፣ አባታችን እንዳሉት፣ ለዘመዳም ልጅ ሁለተኛ በር መክፈት ይሆናል። የትብብር ሥልጠና ቦታዎችን ዞኑ ወይም ወረዳው በየዓመቱ ቆጥሮ ለኮሌጆች ቢያሳውቅና ምደባው በግልጽ በዕጣ ቢሆን ግን፣ የአስተባባሪው ሐሳብ የሚጠላ አይሆንም። ለዕጣ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለንም፤ ቤትም ሥራም በዕጣ ስንወስድ የኖርን ሰዎች ነን።

መልስ፤ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ፣ ሸዋ ሮቢት

የግሼ ራቤሉ ወንድሜ፣ ምደባውን በተመለከተ የጻፉት እኛም የምናውቀው እውነት ነው። ተማሪዎች በሚበዙበት ዓመት ኮሌጆች ቦታ ፍለጋውን ለተማሪው ይተዉታል፤ ይህ ደግሞ ሥልጠናውን ከመነሻው ያበላሸዋል። በዕጣ የሚለው ሐሳብ ለከተማ መሥሪያ ቤቶች ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣን ልጅ ዕጣው ወደ ቆላ ወረዳ ቢጥለው ግን ኪራዩንና መጓጓዣውን ማን ይችልለታል የሚለው አብሮ ካልታሰበ፣ ዕጣው የደረሰው ድሃ ልጅ ቦታውን ትቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከምደባው ጋር አነስተኛም ቢሆን የኪስ ገንዘብ በበጀት መያዝ ይኖርበታል።

ጠያቂዋ፤ የመሐል ሜዳዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሚመጣው ሳምንት ከኃላፊው ጋር ለመነጋገር ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ቀድሞ የሰጡኝ ደብዳቤ «የትብብር ሥልጠናዋን በመሥሪያ ቤታችን አጠናቅቃለች» ከሚል በቀር ሌላ ነገር የለውም። ሌላ እንዲጽፉልኝ ብጠይቅ ምን ምን እንዲይዝ ብዬ ልጠይቅ? ከሥልጠናው በኋላ በነጻ የሠራሁበትስ ጊዜ ይጻፍ?

መልስ፤ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

መልካም ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ሥልጠናው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የሠሩበትን የሥራ ክፍል፣ በክትትል ሥር የሠሩትንም ሥራ በዝርዝር ይያዝ። «በፋይናንስ ሥራ ተሳትፋለች» ከሚለው ይልቅ «የንብረት ገቢና ወጪ ሰነዶችን መዝግባለች፣ የወር ሂሳብ ሰነዶችን አመሳክራለች» የሚለው የግል ድርጅት ውስጥ ሲያመለክቱም ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርቡም የሚያናግር ነው። በይለፍ ቃል በቀጥታ ያልሠሩበትን ሲስተም «ሠርታለች» እንዳይባል ይጠንቀቁ፤ «ሲሠራ በማየትና ሰነድ በማቅረብ አግዛለች» ቢባል ይበቃል፤ ፈታኙ ሲጠይቅዎ የሚመልሱት እርስዎ ነዎትና።

ከሥልጠናው በኋላ የሠሩበት ጊዜ በሥልጠናው ውስጥ ተቀላቅሎ እንዳይጻፍ። ኃላፊው ፈቃደኛ ከሆኑ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በበጎ ፈቃድ አገልግላለች» በሚል ራሱን በቻለ ደብዳቤ ቢሰጥዎ ይሻላል። ለመንግሥት ቅጥር በልምድነት ባይያዝም፣ ኦዲት ቢመጣ በዚያ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የነበሩት በማን ፈቃድ እንደሆነ ያስረዳልዎታል፤ በእጅዎ ያለ ሰነድ ካለም ከመልቀቅዎ በፊት በዝርዝር አስረክበው ያስፈርሙ። ሁለቱም ደብዳቤዎች የወጪ ቁጥርና ቀን ኖሯቸው ግልባጫቸው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ፋይል ይደረግ፤ የሥልጠናው ደግሞ አንድ ግልባጭ ለኮሌጅዎ ይላክ። ኃላፊው ቢዛወሩ ወይም የእርስዎ ቅጂ ቢጠፋ፣ በዚያ ቁጥር ፋይሉ ተፈልጎ ይገኛል።